መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ አንደበት፦ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ጠባብ ግቢ የዝቅተኛ ባንድ አንቴና አሠራር

አገር ቤት ሳለን ከሬዲዮው ጀርባ ሽቦ አስረን፣ በመስኮት አሳልፈን፣ ከቆርቆሮው ጫፍ ወይም ከባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጠልን ብዙ ነን። የምንፈልገው ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የሚመጣውን የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት ነበር። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ1982 የተጀመረው ከዋሽንግተን ነው። አሁን እኛው ራሳችን ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ እንኖራለን። ይህ ጽሑፍ ያንኑ ሽቦ በዚህኛው ጫፍ ሊዘረጋ ለሚፈልግ፣ ግቢው ግን ከሁለት መኪና ማቆሚያ ብዙም ለማይሰፋ ሰው የተጻፈ ነው።

የምናወራው ስለ አማተር ሬዲዮ ዝቅተኛ ባንዶች ነው። 80 ሜትር የሚባለው ከ3.5 እስከ 4 ሜጋኸርዝ፣ 160 ሜትር የሚባለው ከ1.8 እስከ 2 ሜጋኸርዝ፣ ከዚያ በታች ደግሞ 630 ሜትር የሚባለው ከ472 እስከ 479 ኪሎኸርዝ ያለው ነው። ችግሩ ከስማቸው ይጀምራል። ደንበኛው ቀጥ ብሎ የሚቆም አንቴና የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል ከፍታ ይፈልጋል። ለ160 ሜትር ባንድ 40 ሜትር፣ ለ630 ሜትር ባንድ 157 ሜትር ያህል ማለት ነው።

ይህን የሚያህል ነገር በዚህ አካባቢ ተተክሎ ያውቃል። ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በአርሊንግተን፣ ከኮሎምቢያ ፓይክ አጠገብ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1913 ኤን ኤ ኤ የተባለውን የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ አስጀመረ። ሦስት የብረት ማማዎች ነበሩት፤ አንዱ 183 ሜትር፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 137 ሜትር። ሰዉ "ሦስቱ እህትማማቾች" ይላቸው ነበር። በ1915 ከእነዚያ ማማዎች የተላከ የሰው ድምፅ አትላንቲክን ተሻግሮ ፓሪስ፣ ኤፍል ማማ ላይ ተሰማ። በ1941 አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በአቅራቢያው ሲከፈት ለአውሮፕላኖች እንቅፋት ሆነው ተገኙና ፈረሱ። የያኔዎቹ መሐንዲሶች በብረትና በከፍታ ያገኙትን እኛ በከፊል በብልሃት ልናገኘው እንችላለን። በከፊል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የቱ በብልሃት እንደሚገኝ፣ የቱ እንደማይገኝ ለይቶ ማወቅ የዚህ ሥራ እምብርት ነው።

ከሽቦው በፊት፦ ፈቃድና ጎረቤት

ለመስማት የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም፤ ዛሬውኑ መጀመር ይችላሉ። ለመናገር ግን የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ፈቃድ ግድ ነው። ብዙ የአገራችን ሰው ፈቃዱ ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ የሚሰጥ ይመስለዋል። አይደለም። የውጭ መንግሥት ወኪል ያልሆነና እዚህ አገር ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ ያለው ሁሉ ተፈትኖ መውሰድ ይችላል። የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሽያን ይባላል፤ ከ35 ጥያቄ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ይህ ደረጃ በ80 ሜትር ላይ የሚፈቅደው ሞርስ ብቻ ነው፤ 160 ሜትርን ጨርሶ አይሰጥም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግዎ ሁለተኛው፣ ጄኔራል የሚባለው ነው። እሱም 35 ጥያቄ፣ ማለፊያውም 26 ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን መፈተን ስለሚቻል አብረው ቢያጠኗቸው ይሻላል። የኮሚሽኑ ክፍያ 35 ዶላር ነው።

ታውንሃውስ ወይም ኮንዶ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ውል አውጥተው ያንብቡ። በ1996 የወጣው፣ የሳተላይት ሳህን የመስቀል መብትን የሚያስከብረው የፌዴራል ደንብ ለአማተር አንቴና አይሠራም። በ1985 የወጣው ሌላ ውሳኔ ካውንቲዎችና ከተሞች አማተሮችን ከነጭራሹ እንዳይከለክሉ ይገድባል፤ እርስዎ ፈርመው የተቀበሉትን ውል ግን አይነካም። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ግድግዳ ላይ ምንም ነገር አይቦርቡሩ።

ብዙ መጻሕፍት አንቴናን ከጎረቤት ዓይን እንዴት መደበቅ እንደሚቻል ያስተምራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሽቦው ለዓይን የማይከብድ ይሁን፤ ስለ ሽቦው ግን አስቀድመው ይንገሩ። ጎረቤትዎን አንድ ቅዳሜ ቡና ጠርተው የሩቅ አገር ጣቢያ ቢያሰሟቸው፣ በኋላ ቴሌቪዥናቸው በተንጫጫ ቁጥር የእርስዎን በር ከማንኳኳት ይልቅ አብረዎት ምክንያቱን ይፈልጋሉ።

ጆሮው ለምን ይቀድማል?

ከ2 ሜጋኸርዝ በታች አየሩ በጫጫታ የተሞላ ነው። አንዱ ከሩቅ መብረቅ የሚመጣው ነው፤ ሌላው ከየቤቱ ቻርጀር፣ አምፖልና ኮምፒውተር የሚወጣው። ይህ ጫጫታ የመቀበያው ሬዲዮ ራሱ ከሚፈጥረው ጫጫታ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ደካማ አንቴና ቢሰጡት ጣቢያውም ጫጫታውም እኩል ይወርዳሉ። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ሁለቱም እኩል ይመለሳሉ፤ ያጡት ነገር የለም። መርካቶ መሃል ቆሞ ወዳጁን የሚሰማ ሰው ጆሮው ስለሰፋ አይጠቀምም፤ ጆሮውን ወደ ወዳጁ ሲያዞርና ጀርባውን ለጫጫታው ሲሰጥ ነው የሚሰማው። በዝቅተኛ ባንድ ጥሩ የመቀበያ አንቴና ማለትም ብዙ የሚሰበስብ ሳይሆን ጫጫታውን የሚንቅ ማለት ነው። እንዲህ ያለው አንቴና ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ መሬት ላይ እንኳ ሊተኛ ይችላል።

በመናገር በኩል ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። አንቴናው ውስጥ ወደ ሙቀት የተቀየረ ዋት አይመለስም። ለዚህ ነው ሁለቱን ሥራ ለሁለት አንቴና እንዲያካፍሉ አጥብቄ የምመክረው። አንድ ሽቦ ሁለቱንም ይሥራልኝ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በደካማ ድምፅ የሚናገርና ጫጫታ ብቻ የሚሰማ ጣቢያ ነው።

መሬት ላይ የሚተኛው አራት ማዕዘን

ይህ አንቴና ሳር ላይ ከተዘረጋ ሽቦ የተሠራ ነው። በወግ ካየነው የሚያስቅ ይመስላል፤ አንቴና ሁሉ ወደ ላይ ሲሄድ ይህ ተኝቷል። ነገር ግን ከቤት ሽቦዎች የሚዘልቀው ጫጫታ አብዛኛው በቅርብ ባለ የኤሌክትሪክ መስክ አማካይነት ስለሚመጣ፣ ከመሬት ጋር የተጣበቀ ሽቦ ያን መስክ ብዙም አያገኘውም።

18 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ያህል በፕላስቲክ የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ ይቁረጡ። ውፍረቱ ከ14 እስከ 18 ጌጅ ቢሆን ይበቃል። በአራት ማዕዘን ዘርግተው እያንዳንዱን ጎን 4 ሜትር ከ60 ያድርጉ። ግቢዎ ጠባብና ረጅም ከሆነ፣ እንደ ብዙዎቹ የአሌክሳንድሪያ ታውንሃውሶች፣ 3 በ6 ቢሆንም ይሠራል። ቅርጹ ትንሽ ቢዛባ አይጨነቁ፤ ይልቅ ከቤቱ ግድግዳ የቻሉትን ያህል ያርቁት። ስምንትና አሥር ሜትር ካገኙ ደስ ይበልዎ።

የሽቦው ሁለት ጫፎች በአንዱ ማዕዘን ይገናኛሉ፤ እዚያ ትንሽ ትራንስፎርመር ይገባል። ቢ ኤን 73-202 የሚባል፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው ከጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጥ የፌራይት ቁራጭ ይግዙ፤ ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አከፋፋዮች በጥቂት ዶላር ይገኛል። በሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ቀጭን ሽቦ 6 ዙር አዙረው ጫፎቹን ከአራት ማዕዘኑ ሽቦ ጋር ያገናኙ። ሌላ ሽቦ 2 ዙር አዙረው ጫፎቹን ከኮአክሲያል ኬብሉ ጋር ያገናኙ። ስድስት ለሁለት የሦስት ለአንድ ጥምርታ ነው፤ በኦም ሲቆጠር ዘጠኝ ለአንድ ይሆናል። ሁለቱ ጥቅሎች በፍጹም እርስ በርስ እንዳይነካኩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የኬብሉን ውጫዊ ሽፋን ከአራት ማዕዘኑ ጋር ያጋጥመውና የቤቱን ጫጫታ ሁሉ በኬብሉ ላይ ተሸክሞ ወደ አንቴናው ይመራዋል። ትራንስፎርመሩን ክዳን ያለው ትንሽ የቅመም ዕቃ ውስጥ ከተው ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን ይድፈኑ።

ለመስማት ብቻ ስለሆነ ወደ ቤት የሚገባው ኬብል የቴሌቪዥን ኬብል ቢሆን ግድ የለም። ከሬዲዮው አጠገብ ግን ቀጭን ኮአክስ ይቀጥሉና ቁጥር 31 በሚባለው ፌራይት በተሠራ 6 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ቀለበት ላይ ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይጠምጥሙት። ይህ ጥቅል በኬብሉ ሽፋን ላይ ተንጠላጥሎ የሚመጣውን ጫጫታ ያንቃል። ቢዘሉትም አንቴናው ይሠራል፤ ሲጨምሩት ግን ለምን አንቴናውን መሬት ላይ እንዳስተኙት ይገባዎታል።

ሽቦውን በየሜትሩ በአትክልተኞች የብረት ስቴፕል ከመሬት ጋር ይስፉት። ይህን ሥራ መጋቢት አካባቢ፣ ሳሩ ሳይነሳ ይጨርሱት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሳር ማጨጃውን ምላጭ ከፍ አድርገው ይጠቀሙ። ሰኔ ሲደርስ ሳሩ ሽቦውን ይውጠዋል፤ እርስዎም የት እንዳለ ለማስታወስ ይቸገራሉ። በዚህ አንቴና ላይ በፍጹም አያስተላልፉ፤ ትንሹ ፌራይት በቅጽበት ይቃጠላል።

የዊተኑ ጎረቤት

ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። ከእርስዎ በስተሰሜን ዊተን ውስጥ፣ በ1500 ኪሎኸርዝ ላይ በ50 ሺህ ዋት የሚያስተላልፍ ጣቢያ አለ። የድሮው ደብልዩ ቶፕ፣ የዛሬው ደብልዩ ኤፍ ኢ ዲ ነው። 1500 ከ1800 ጋር ጎረቤት ስለሆነ ይህ ሞገድ ርካሽ መቀበያን በቀላሉ ያሰክራል። ምልክቱ ይህ ነው፦ በ3000 ኪሎኸርዝ ላይ፣ ወይም ምንም ሊኖር በማይገባበት ቦታ የዜና ድምፅ ይሰማሉ፤ 160 ሜትር ላይ ሁሉም ነገር እንደ ጭጋግ ይሸፈናል። ጣቢያው ያጠፋው ነገር የለም፤ ከአቅሙ በላይ ጎርሶ የታነቀው የእርስዎ መቀበያ ነው።

መፍትሔው በኬብሉና በሬዲዮው መካከል የሚገባ ማጣሪያ ነው። ከ1.7 ሜጋኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ለ160 እና ለ80 ሜትር ይሆናል። 630 ሜትርን ለመስማት ግን ይህ ማጣሪያ የሚፈልጉትንም አብሮ ስለሚቆርጠው፣ ከ500 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን የሚቆርጥ ሌላ ማጣሪያ ይግዙ። አሌክሳንድሪያ ላሉት ጣቢያው ስለሚርቅ ብዙውን ጊዜ ያለ ማጣሪያም ይሆናል፤ ይሞክሩና ይወስኑ።

ከዚያ የራስዎን ቤት ጫጫታ ያድኑ። ሬዲዮውን በባትሪ ያስነሱ፤ 1.84 ሜጋኸርዝ ላይ ያቁሙት፤ ቤተሰቡን አስጠንቅቀው የመብራት መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ማብሪያዎች አንድ በአንድ ያጥፉ። ጫጫታው የወደቀበትን መስመር ሲያገኙ በዚያ መስመር ላይ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ይንቀሉ። ሌባው በአብዛኛው ርካሽ የስልክ ቻርጀር ወይም የኤል ኢ ዲ አምፖል ማስነሻ ነው። የእንጀራ ምጣድን ብዙ ሰው ይጠረጥራል፤ በሙቀት ሽቦ ብቻ የሚሠራ ምጣድ ግን ዝምተኛ ነው፤ ቴርሞስታቱ ሲከፍትና ሲዘጋ ቀጭ ከማለት በቀር። ሌባ ሆኖ የተገኘውን ዕቃ መቀየር ካልቻሉ ገመዱን በዚያው በቁጥር 31 ፌራይት ላይ ብዙ ጊዜ ይጠምጥሙት።

አንደበቱ፦ ዛፍ ካለዎት

ይህ አካባቢ በዛፍ የታደለ ነው። ኦክና ቱሊፕ ፖፕላር ከሦስት ፎቅ በላይ ሲያድጉ እናያለን። ዛፍ ካለዎት ለ160 ሜትር የሚሻልዎ የተገለበጠ ኤል የሚባለው ነው፤ ሽቦው ከመሬት ተነስቶ ወደ ቅርንጫፉ ይወጣል፤ ከዚያ ተጣጥፎ ወደ ሌላ ዛፍ ወይም ወደ ቤቱ ጫፍ በአግድም ይሄዳል። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ40 እስከ 41 ሜትር ይሁን፤ በኋላ ይቆረጣል። የሚያወራው የቆመው ክፍል ነው፤ ስለዚህ 12 ሜትር ካገኙ 12፣ 15 ካገኙ 15 ያቁሙት።

ዛፍ ላይ አይውጡ። ዛፍ ቆራጮች የሚወረውሩትን 350 ግራም ያህል የሚመዝን የአሸዋ ከረጢት ከቀጭን ሲባጎ ጋር ይግዙ፤ በቅርንጫፉ ላይ ወርውረው ያሳልፉት፤ በሲባጎው ወፍራም ገመድ፣ በገመዱ ሽቦውን ይሳቡ። ከመወርወርዎ በፊት ቀና ብለው የመብራት መስመር መኖሩን ይመልከቱ። መስመር ካለ ያ ዛፍ የእርስዎ አይደለም፤ ሌላ ይፈልጉ። በዚህ ሥራ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የሽቦውን ጫፍ ከዛፍ ጋር ጥብቅ አድርገው አይሰሩ፤ ገመዱን በመዘውር አሳልፈው ድንጋይ ያንጠልጥሉበት፤ ነፋስ ሲነሳ ዛፉ ይወዛወዛል፣ ድንጋዩ ይወጣል ይወርዳል፣ ሽቦው አይበጠስም።

ከሥሩ ደግሞ ራዲያል የሚባሉ የመሬት ሽቦዎች ያስፈልጋሉ። ሁለትና ሦስት ረጃጅም ሽቦ ከመዘርጋት ብዙ አጫጭር መዘርጋት ይሻላል፤ 16 ሽቦ እያንዳንዱ 10 ሜትር ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ግቢው ካልበቃ ቤቱን ይዙሩ፣ አጥሩን ይከተሉ፣ ያጥፏቸው። እነሱንም እንደ አራት ማዕዘኑ በስቴፕል ከሳሩ ሥር ያስተኟቸው፤ መቅበር አያስፈልግም። የሲልቨር ስፕሪንግ መሬት የፒድሞንት ጫፍ ነው፤ ዓለቱ ቅርብ ነው። አሌክሳንድሪያ ደግሞ አሸዋና ሸክላ በተደራረበበት የባሕር ጠረፍ ሜዳ ላይ ነች። በሁለቱም ቢሆን አፈሩ መዳብን አይተካም።

አሁን ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስተውን ነገር ልንገርዎ። አንቴናውን ሠርተው መለኪያ ሲያስገቡ መለኪያው በትክክል 50 ኦም፣ አንቴናው ከኬብሉ ጋር መጣጣሙን የሚያሳየው ኤስ ደብልዩ አር ደግሞ 1 ለ1 ቢል ደስ አይበልዎ። የቆመው ክፍል 12 ሜትር የሆነ አንቴና በእውነት የሚያሰራጭበት መጠን 7 ኦም ያህል ብቻ ነው። መለኪያው 50 ካለ የቀረው 43 ኦም አፈሩን እያሞቀ ነው ማለት ነው። ከ100 ዋትዎ አየር ላይ የሚወጣው 14 ዋት ነው። ራዲያል ሲጨምሩ መለኪያው ወደ 40፣ ወደ 30፣ ወደ 25 ይወርዳል፤ ኤስ ደብልዩ አሩ 2 ለ1 ይሆናል። መለኪያው የከፋ ይመስላል፤ አየር ላይ የሚወጣው ግን 28 ዋት ሆኗል፤ እጥፍ። "ራዲያል ጨመርኩና አንቴናዬ ተበላሸ" ብሎ ሽቦውን የሚሰበስብ ሰው መልካሙን ዜና እንደ መርዶ ነው የሰማው። ቁጥሩ እየወረደ እስከሄደ ድረስ ይጨምሩ፤ መውረዱን ሲያቆም ያቁሙ።

ከዚያ 25 ኦሙን ከ50 ጋር ማስታረቅ ቀላል ነው። ሽቦውን ልክ ሬዞናንስ ከሚሆንበት ርዝመት 1 ሜትር ከ30 ያህል ያስረዝሙት፤ 25 ኦም ያህል ኢንደክቲቭ ይሆናል። ከዚያ ኬብሉ በሚገባበት ቦታ፣ በሽቦውና በራዲያሎቹ መካከል፣ 1,700 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲተር ያስገቡ። አንዱ እንዳይግል አራት ባለ 430 ፒኮፋራድ ሲልቨር ማይካ ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን ያገናኙ፤ 500 ቮልት የሚችሉ ቢሆኑ ለ100 ዋት ይበቃሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር ካየው ምንጭ ነው ይባላል፤ በውኃው ውስጥ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ማይካ ነበረበት። ከተማዋን የሰየመው ማዕድንና በአንቴናዎ ሥር የሚቀመጠው ካፓሲተር ሆድ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ካፓሲተሩን በሌላ ዓይን አየዋለሁ።

ለመብረቅ የሚሆን 2 ሜትር ከ40 የመሬት ዘንግ ኬብሉ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ይትከሉና በወፍራም መዳብ ከቤቱ የመብራት መሬት ጋር ያያይዙት። ዘንግ ከመትከልዎ በፊት 811 ይደውሉ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ ሰዎቹ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሮችን በቀለም ያሳዩዎታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዚህ አካባቢ ነጎድጓድ ሳይታሰብ ስለሚመጣ፣ ሬዲዮውን ባጠፉ ቁጥር ኬብሉን ይንቀሉ። በሕጉ መሠረት ደግሞ ጣቢያዎ ለሰው ጤና ከሚፈቀደው በላይ ጨረር እንደማያወጣ አስልተው መያዝ አለብዎት፤ ሽቦው ሥር ልጆች እንዳይጫወቱ ማድረግ ግን ሳይሰሉም የሚታወቅ ነው።

አፓርትመንት ከሆነ

ሰገነት ብቻ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ማግኔቲክ ሉፕ፣ ከመዳብ ቱቦ ስለሚሠራው ቀለበት ነው። ለ20 ሜትር ባንድ ድንቅ ነገር ነው። ለ80 ሜትር ግን እውነቱን ማወቅ አለብዎት። ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ቀለበት በ3.6 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጭበት መጠን ከአንድ ሺኛ ኦም በታች ነው፤ የመዳቡና የካፓሲተሩ ኪሳራ ከዚያ ብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። 100 ዋት ቢያስገቡ የሚወጣው 1 ወይም 2 ዋት ነው፤ በካፓሲተሩ ላይ ግን ከ3 ሺህ ቮልት በላይ ይፈጠራል። ሰገነት ላይ፣ ሰው በሚነካው ቦታ፣ ይህን ያህል ቮልት አልመክርም።

ይልቅ ቀለበቱን ለመስማት ይጠቀሙበት፤ እያዞሩ ጫጫታው የሚጠፋበትን አቅጣጫ መፈለግ ይችላሉ። ለመናገር ደግሞ በ5 ዋት ዊስፐር የተባለውን ዘዴ ይሞክሩ። በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ጆ ቴይለር በ2008 ያወጡት ነው፤ ኮምፒውተሩ ከጫጫታ በታች የተቀበረውን ምልክት ሁለት ደቂቃ ያህል አዳምጦ ያወጣዋል። ለዚህ አንቴና እንዲሆን ሌሊት ላይ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ያለ የፋይበር ግላስ ዘንግ ወደ ውጭ አውጥቶ በላዩ ሽቦ ጠምጥሞ፣ ጠዋት መሰብሰብ ይቻላል። ውጤቱ ትንሽ ነው፤ ግን እውነተኛ ነው።

የሊጥ ባልዲው

የተገለበጠውን ኤል የሠራ ሰው በዚያው ሽቦ ወደ 630 ሜትር መውረድ ይችላል። ይህ ባንድ ለአሜሪካ አማተሮች የተከፈተው በ2017 ነው። ከሥሩ ግን ትልቅ ጥቅል ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ለ40 ሜትር ሽቦ ከ400 እስከ 500 ማይክሮሄንሪ ይሆናል። ለዚህ የሚሆን ዕቃ ሁላችንም ቤት አለ፤ ሊጥ የምናቦካበት ዓይነት ባለ 5 ጋሎን የፕላስቲክ ባልዲ። ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር ግድም ነው፤ ፕላስቲኩም ለዚህ ሥራ ኪሳራው ትንሽ ነው። በላዩ 42 ዙር ያህል በ20 ሳንቲሜትር ርዝመት ውስጥ እኩል አራርቀው ይጠምጥሙ፤ 40 ሜትር ያህል ሽቦ ይወስዳል። ከላይኛው ጫፍ በየሁለት ዙሩ ሽፋኑን በትንሹ ልጠው መቆንጠጫ የሚያዝበት ቦታ ያበጁ፤ የጥቅሉን መጠን የሚያስተካክሉት መቆንጠጫውን በማዛወር ነው። ለዚህ አዲስ ባልዲ ይግዙ፤ ተመልሶ ለሊጥ አይሆንም።

በ100 ዋት ጊዜ በዚህ ጥቅል ጫፍ ላይ ወደ 3 ሺህ ቮልት ሊደርስ ይችላል። ከዝናብ ይጠለል፤ ሰው በማይደርስበት ሳጥን ይቆለፍ። ከ100 ዋቱ የሚወጣው 1 ዋት ያህል ነው። የሕጉ ጣሪያም ቢሆን 5 ዋት የጨረር ኃይል ብቻ ስለሆነ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነዎት። ከመጀመርዎ በፊት ዩቲሊቲስ ቴክኖሎጂ ካውንስል ለተባለው ድርጅት አድራሻዎን አስታውቀው 30 ቀን መጠበቅ አለብዎት። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ በዚሁ ሞገድ መልእክት የሚያስተላልፍ የከፍተኛ ኃይል መስመር ካለ ይከለከላሉ።

የመጀመሪያው ሌሊት

የዝቅተኛ ባንዶች ወቅት የዚህ አገር ክረምት ነው፤ በዚህ አገር በጋ መብረቁ ያደነቁራል። ሞገዱ ሩቅ የሚሄደው በሁለቱም ጫፍ ሌሊት ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አቅጣጫው ከሰሜን 66 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ዋሽንግተን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በአሜሪካ አቆጣጠር 4፡46፣ በእኛ ከቀኑ 10፡46 ነው። አዲስ አበባ ላይ የምትወጣው ደግሞ እዚህ ማታ 10፡30 ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4፡30 ገደማ ሲሆን ነው። ስለዚህ አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ሁለቱ ከተሞች አብረው ጨለማ ውስጥ ናቸው። በሰኔ ይህ ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወርዳል።

በዚያ ምሽት መሬት ላይ የተኛውን አንቴና ያገናኙ፤ ማጣሪያውን ያስገቡ፤ ሬዲዮውን 1.840 ሜጋኸርዝ ላይ አቁመው ኤፍ ቲ 8 የተባለውን ዘዴ የሚያነብ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ይክፈቱ። መጀመሪያ የአሜሪካ ጣቢያዎች ይሞላሉ፤ ቀጥሎ አውሮፓ ይመጣል። አዲስ አበባ ሊነጋ ሲል ባለው ሩብ ሰዓት ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣ ሞገድ ለጥቂት ደቂቃ ሊጠነክር ስለሚችል ከ10፡15 በኋላ ከወንበርዎ አይነሱ። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት በኢ ቲ ይጀምራል፤ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ካዩ አምስት ኪሎ ከሚገኘው ከአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ከኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው። 160 ሜትር ላይ ባይገኝ ወደ 3.573 ሜጋኸርዝ ይውጡ፤ ያው አንቴና ለዚያም ይሠራል። ያዩትን ሁሉ ከሰዓቱና ከድምፁ ጥንካሬ ጋር በደብተር ይጻፉ፤ መጋቢት ላይ ራዲያል ሲጨምሩ የሚያነጻጽሩት ከዚሁ ገጽ ጋር ነው።